ስለ ታገደ የመንጃ ፈቃድ፤ በአገው ምድር መንገድ ላይ የተደረገ ጥቂት ምርመራ

እስከ ዛሬ በዚህ መጽሔት የወጡት የታሪክ ጥናቶች አብዛኞቹ የደብርና የገዳምን፥ የገበያንና የመሬት ሥሪትን፥ የባላባትንም ትውልድ የሚመረምሩ ነበሩ። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ነገር ከነዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም አንድ መኪና ነጂ የመንጃ ፈቃዱ ለተወሰነ ጊዜ ከታገደ በኋላ መኪና ሲነዳ ቢገኝ በሕግ ፊት ምን ይደርስበታል፥ ይህስ ሕግ በምን መንገድ ወደ አገራችን ገባ የሚል ነው።

አርእስቱን የሰጠን መጽሐፍ አይደለም። በዕረፍት ጊዜ ከኮሌጅ ወደ ቤተ ሰቦቻችን ስንመለስ በዳንግላ መናኸሪያ አውቶቡስ እንጠብቅ ነበር። በአጠገባችን የቆሙ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ጓደኛቸው ይነጋገራሉ። አንደኛው፥ «ፈቃዱ ታገደ እንጂ እጁ አልታገደም፤ ምን ቸገረው?» አለ። ሌላው ራሱን ነቀነቀ እንጂ መልስ አልሰጠም። አነጋገሩ የሚያስቅ ቢሆንም ስናስበው ከባድ ጥያቄ የያዘ ሆኖ አገኘነው። መንዳት የሚችል ሰው እንዳይነዳ ሲከለከል የሚከለከለው ምኑ ነው? ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ ለዚያ ሰው ሊሰጥ ይገባ የነበረውን መልስ ፍለጋ ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የመኪናን አካል የምንጠራባቸው ስሞች አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ ናቸው። ፍሬን፥ ማርሽ፥ ፍሪሲዮን፥ ቸርኬ፥ ጎማ የጣልያን ቃሎች ናቸው፤ ሾፌር የፈረንሳይ ነው፤ የመኪናውን የባለቤትነት ደብተርም ሊብሬ እንለዋለን። ነጂው የሚይዘው ወረቀት ግን ጥርት ያለ የአማርኛ ስም አለው፤ መንጃ ፈቃድ ይባላል። መንዳት ደግሞ ከመኪና በፊት የነበረ ቃል ነው። ከብት ይነዳል፥ አህያ ይነዳል። ከብት ለመንዳት ማንም ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም። ስለዚህ «መንጃ ፈቃድ» የሚለው ስም በውስጡ ሁለት ዘመን ይዟል። የመጀመሪያው ቃል የገበሬው ነው፤ ሁለተኛው የመንግሥት ነው። የኋለኛው ዘመን ሕግ «አሽከርካሪ» እና «የብቃት ማረጋገጫ» የሚሉ ስሞችን አምጥቷል፤ በመናኸሪያ ግን ዛሬም የሚነገረው የቀድሞው ነው።

ሁለተኛም ሕዝቡ ብዙ ጊዜ የሚቀላቅላቸውን ሦስት ነገሮች መለየት ያሻል። ትራፊክ ፖሊስ በመንገድ ላይ ጥፋት ሲያገኝ ነጂውን ይከሳል፤ በቆየው ልማድ ቅጣቱ እስኪከፈል ፈቃዱን ይይዝበታል። ይህ መያዝ ነው፤ ነጂው ገንዘቡን ከፍሎ ፈቃዱን ይወስዳል። ከዚህ የሚለየው መታገድ ነው። በመታገድ ጊዜ ሰውዬው ገንዘብ ቢኖረውም ባይኖረውም ለተቈረጠ ጊዜ መንዳት አይችልም። ሦስተኛው መሰረዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰውዬው ፈቃድ ኖሮት እንደማያውቅ ይቈጠራል። «ትራፊክ ነጠቀኝ» የሚለው የአነጋገር ልማድ ሦስቱንም በአንድ ከረጢት ይከትታቸዋል። ለእኛ እንደሚመስለን የመናኸሪያው ሰው ስሕተት የተጀመረው ከዚሁ ነው። የታገደውን እንደ ተያዘ ቈጥሮታል።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። የመጀመሪያው መኪና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አገው ምድር የፈረስና የበቅሎ አገር ነበር። ዛሬም ቢሆን ፈረስ አልጠፋም። በ1932 ዓ.ም. እንደ ተቋቋመ የሚነገርለት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። እንግሊዞች በዳንግላ ቆንስላ ባቋቋሙበት ጊዜ፥ ከ1918 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ጣናንና ዓባይን ሲመረምር የሚጓዘው በበቅሎ ጓዝ ነበር። የጠረጋ መንገድ በጎጃም የተዘረጋው በጣልያን ወረራ ዘመን ነው። ጠላት መንገዱን የሠራው ለወታደሩ ስንቅ ማመላለሻ እንጂ ለአገሩ ሰው ስላልነበረ፥ በዚያ ዘመን በመንገዱ ላይ ስለ መንዳት መብት የሚጠይቅ የአገር ሰው ሊኖር አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ ይቆጨናል። በ1933 ዓ.ም. ጥር 12 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ ወደ በላያ ለመድረስ መኪና ተሞክሮ ነበር፤ ግን ምድሩ ስላልተመቸ መኪናዎቹ አልቻሉም፤ ጓዙን የተሸከመው ግመል ነው። በየካቲት ጣልያኖች ዳንግላንና እንጅባራን ለቀው ሲሸሹ መንገዱ ለአገሩ ሰው ተረፈ። ጠላት የሠራውን መንገድ ነጻ ያወጡት ሰዎች በእግርና በግመል ደረሱበት ማለት ነው።

ከነጻነት በኋላ መንገዱ የመንግሥት ሥራ ሆነ። በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮጵያ ለአውራ ጎዳና ሥራ ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የአገው ምድር አውራጃ ዋና ከተማ ዳንግላ ስለ ነበረች ዳኛውም፥ ፖሊሱም፥ የጭነት መኪናውም የሚቆሙት በዚያ ነበር። እንጅባራ፥ በቀድሞ ስሟ ኮሶ በር፥ ያን ጊዜ ትንሽ መንደር ነበረች። ዛሬ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ሆና፥ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድና ወደ ቻግኒ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙባት ናት። ከፋግታ ለኮማ የሚወጣው የግራር ከሰል በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውም በዚህ ነው። ባጃጅና የፈረስ ጋሪ በአንድ አስፋልት ላይ ይጋፋሉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገዱ ብዙ ጊዜ ተዘግቷል።

የሚያስገርመን አንድ ነገር አለ። ጎጃም በመንግሥት መዝገብ ላይ መስፈርን የማይወድ አገር እንደ ሆነ የታወቀ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ገበሬው ተነሥቷል፤ መሬት ሊለካ የሄደ ሰው በሰላም አይመለስም ነበር። ለመንጃ ፈቃድ ፎቶግራፍህን አምጣና ተመዝገብ ሲባል ግን የተከራከረ አልተሰማም። ምናልባት ነጂዎቹ ጥቂቶች ስለ ነበሩ ይሆናል፤ ምናልባትም ፈቃዱ እንደ ማዕረግ ስለ ተቈጠረ ይሆናል። «አምስተኛ መንጃ ፈቃድ አለው» የተባለ ሾፌር በሠርግ ቤት ከመምህሩ ቀጥሎ ይቀመጥ እንደ ነበረ ሽማግሎች ነግረውናል። እንዲህ የከበረ ነገር ሲታገድ ውርደቱ ከገንዘቡ ቅጣት የበለጠ ይሰማል። ስለዚህም ነጂው መታገዱን ይደብቃል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ መጀመሪያ የምናገኘው በመኪና የሚደርስን አደጋ እንደ አዲስ ነገር ያላየውን አሮጌውን አሳብ ነው። ሳያስብ ሰው የገደለ ሰው ጉዳይ በኦሪትም፥ በፍትሐ ነገሥትም፥ በየአገሩም ልማድ የታወቀ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 የተነገረው እንጨት ሲቈርጥ የመጥረቢያው ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበት ሰው መሸሸጊያ ከተማ ተሰጥቶታል። ሆኖም ያ ሰው ቀድሞ «መጥረቢያ አትያዝ» የተባለ አልነበረም። ቢባል ኖሮ ጉዳዩ በምን ዓይነት ይታይ ነበር? የታገደ ነጂ ጉዳይ ይኸው ነው።

በ1949 ዓ.ም. የታወጀውና ከ1950 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን ጀምሮ የጸናው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በዚህ ረገድ ሁለት አዲስ ነገሮች አቆመ። አንደኛ፥ በቸልተኝነት ሰው የመግደልን ወንጀል ለይቶ በአንቀጽ 526 አስቀመጠ። ሁለተኛ፥ ዳኛው ከቅጣቱ በተጨማሪ የጥንቃቄ እርምጃ ብሎ ፈቃድን ለማገድ ወይም ለመንሣት እንዲችል ሥልጣን ሰጠው። ይህ ሁለተኛው ለታሪክ ተማሪ የበለጠ የሚደንቅ ነው። ከዚያ በፊት ቅጣት ማለት የገንዘብ መቀጮ፥ እሥራት ወይም የአካል ቅጣት ነበር። አሁን ግን ሕጉ ሰውዬውን በቤቱ ተቀምጦ፥ ገንዘቡ በኪሱ እያለ፥ አንድ ሥራ ብቻ እንዳይሠራ ሊከለክለው ነው። እንዲህ ያለው ቅጣት የሚጸናው ሰውዬው ራሱ ካከበረው፥ ወይም ሌላ ሰው ከተመለከተው ብቻ ነው። ግንብ የለውም፥ ሰንሰለትም የለውም።

ማገድ በሁለት እጅ ይመጣል። አንዱ የዳኛ እጅ ነው። ሁለተኛው ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ጥፋቶችን በእርከን ከፍሎ፥ ለእያንዳንዱ እርከን የገንዘብ መቀጮና የጥፋት ነጥብ ወሰነ። ነጥቡ እየተደመረ ከተወሰነ ቁጥር ሲደርስ ፈቃዱ ይታገዳል፤ ከዚያም ሲያልፍ ይሰረዛል። ጣልያን እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2003 ነጥብን ስታስገባ ለእያንዳንዱ ነጂ 20 ነጥብ ሰጥታ ባጠፋ ቁጥር ትቀንስበታለች፤ የእኛ ደንብ ግን ከባዶ ጀምሮ ይደምራል። ውጤቱ አንድ ቢመስልም ስሜቱ የተለያየ ነው። የጣልያኑ ነጂ ሀብቱ ሲያልቅበት ያያል፤ የእኛው ዕዳው ሲከመርበት ያያል። የማገድ ነገር ከአገር አገር የታወቀ ለመሆኑ በ1961 ዓ.ም. ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት አንድ ሙሉ አንቀጽ ለዚሁ መስጠቱ ምስክር ነው።

አሁን የጥናታችን ዋና ክፍል ወደ ሆነው እንግባ። አንድ ፈቃዱ የታገደ ነጂ መኪና እየነዳ ቢያዝ፥ ጉዳት ባያደርስ እንኳ፥ በትራፊክ ሕግ ያስቀጣዋል፤ የእገዳውም ነገር ይከብድበታል። በዚህ ብዙ አንቆይም። ነገሩ የሚከብደው ሰው ሲሞት ነው።

ከ1997 ዓ.ም. ግንቦት 1 ቀን ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት መግደልን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። ማንም ሰው በቸልተኝነት ቢገድል ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በቀላል እሥራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር በሆነ መቀጮ ይቀጣል። ገዳዩ እንደ ሐኪም ወይም እንደ ሾፌር የሰውን ሕይወትና ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሲሆን ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እሥራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር ይሆናል። ሦስተኛው ደረጃ የሞቱት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሲሆኑ፥ ወይም አጥፊው ደንብንና መመሪያን በግልጽ ሲጥስ፥ ወይም በመጠጥና በመሳሰለው ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ አግብቶ ሲገኝ ነው። ያን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ይከተላል።

እንግዲህ ልዩነቱን ተመልከቱ። በሁለተኛው ደረጃ የሚፈረድበት ሰው ቢበዛ 5 ዓመት ይታሠራል፤ በሦስተኛው የሚፈረድበት ቢያንስ 5 ዓመት ይታሠራል። የአንዱ ጣሪያ የሌላው ወለል ነው። የታገደው ነጂ ከየትኛው ወገን ይቈጠራል?

ለተከሳሹ የሚከራከር ሰው እንዲህ ሊል ይችላል። ሟቹን የገደለው የፈቃዱ መታገድ አይደለም፤ ጨለማው፥ ወይም ጭጋጉ፥ ወይም መብራት የሌለው ጋሪ ነው። ፈቃድ ያለው ነጂ ቢሆንም ይገጨው ነበር። ስለዚህ የደንቡ መጣስና ሞቱ ስለማይያያዙ ጉዳዩ በሁለተኛው ደረጃ ይታይ። ይህ ክርክር ደካማ አይደለም። በመናኸሪያ የሰማነው «እጁ አልታገደም» የሚለው ቃል በጠበቃ አፍ ሲነገር ይህንኑ ይመስላል። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ፥ ያ ሰው በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ላይ መሪ ይዞ መገኘት አልነበረበትም፤ ሕጉን አክብሮ በቤቱ ቢቀመጥ ሟቹ በሕይወት ይኖር ነበር ይላል።

እኛ የምናደላው ወደ ሁለተኛው ነው፤ ሆኖም በልክ። ቸልተኝነት በሕጉ አነጋገር ክፉ ውጤት ሊደርስ እንደሚችል እያወቁ በድፍረት አይደርስም ማለት፥ ወይም ማወቅ ሲገባ አለማወቅ ነው። ፈቃዱ የታገደበት ነጂ፥ በተለይ በፍጥነት ወይም በመጠጥ ምክንያት የታገደ ከሆነ፥ ስሙ ተጠርቶ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሰው ነው። አላወቅሁም ሊል አይችልም። ነገር ግን ፈቃዱን በወቅቱ ሳያሳድስ ቀኑ ያለፈበትን ሰው ከዚህ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርድን ያጐድላል። ያኛው የተረሳ ወረቀት ነው፤ ይኸኛው የተናቀ ትእዛዝ ነው። ዳኞች ሦስተኛውን ደረጃ ከመጥቀሳቸው በፊት ፈቃዱ ለምን እንደ ታገደ ቢጠይቁ መልካም ይመስለናል።

የወንጀሉ ነገር እዚህ ላይ ቢቆምም የገንዘቡ ነገር ገና ነው፤ እርሱም ከነጂው አልፎ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ባለቤቱ ሊያመልጥ የሚችለው ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆ እንደ ነበረ ሲያስረዳ፥ ወይም ጥፋቱ የተጐጂው እንደ ሆነ ሲያሳይ ነው። በእንጅባራ ሦስት ወንድማማቾች ተበድረው አንድ አይሱዙ ገዙ እንበል። ሾፌር ቀጠሩ። ሾፌሩ በሌላ ከተማ ታግዶ ሳለ ሳይነግራቸው ከሰል ጭኖ ወጣ፤ በመንገድም ሰው ገደለ። ወንድማማቾቹ፥ «መታገዱን አልሰማንም» ቢሉ ሕጉ አይሰማቸውም። የሟቹ ሚስት፥ ልጆችና ወላጆች መተዳደሪያ የሚጠይቁት ከእነርሱ ነው።

ሰዎች፥ «ኢንሹራንስ ምን ይሠራል?» ይሉ ይሆናል። በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559፥ ቀጥሎም በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ሆነ። በነዚህ አዋጆች ለሞት የሚከፈለው ካሣ ከ5,000 የማያንስ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ተብሎ ተወስኖ ነበር። ከዚያ የሚያልፈው ሁሉ ወደ ባለ መኪናው ይመለሳል። ለራሱ ለመኪናው የተገባው መድን ደግሞ በተለመደው ውል የጸና ፈቃድ በሌለው ሰው እጅ ለደረሰ ጉዳት አይከፍልም። ስለዚህ ወንድማማቾቹ የተሰባበረ አይሱዙ፥ የባንክ ዕዳና የሟቹ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ በአንድ ቀን ይወርድባቸዋል። ለሟቹ ዘመዶች ስለ ኅሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሣ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ከ1,000 ብር አይበልጥም ብሎ የወሰነው ነው። ሕጉ በወጣበት ዘመን በ1,000 ብር ብዙ በሬ ይገዛ ነበር፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ አንድ በግ የማይገዛ ሆነ።

ስለ ዕርቅም መናገር ይገባል። በአገው ምድር እንደ ሌላው ጎጃም ሁሉ ሰው በመኪና ሲሞት ሽማግሌ ይገባል፤ ደም ይደርቃል፤ ካሣ ይቈረጣል። መንግሥት ክሱን በዚህ ምክንያት አይተውም። ነገር ግን የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትንና ጉዳትን መካስን ቅጣት ማቅለያ ስላደረገ የሽማግሎቹ ሥራ በፍርድ ቤት ደጃፍ ከንቱ አይሆንም። ባነጋገርናቸው ሽማግሎች ዘንድ አንድ ነገር አስተዋልን። ገዳዩ ቀድሞ ከሟቹ ጋር ቂም ነበረውን ብለው ይጠይቃሉ፤ ጠጥቶ ነበርን ብለው ይጠይቃሉ፤ ሸሽቶ ነበርን ብለው አጥብቀው ይጠይቃሉ። ፈቃዱ ታግዶ ነበርን ብሎ የሚጠይቅ ግን አላገኘንም። ዐቃቤ ሕጉ መጀመሪያ የሚጠይቀውን ጥያቄ ሽማግሌው ከነጭራሹ አያነሣውም።

የዚህ ምክንያት ለእኛ የሚመስለን እገዳው ከሰውዬው ይልቅ ከወረቀቱ ላይ የተጣበቀ ሆኖ መቅረቱ ነው። ሕጉ የሚያግደው ሰውን ነው። መንገዱ ግን የሚያየው ወረቀትን ነው። ፈቃድ የሚሰጡት የክልል መሥሪያ ቤቶች ሲሆኑ፥ በአንዱ ክልል የተሰጠው ፈቃድ በመላ አገሪቱ ይሠራል። በአንድ ከተማ የተጻፈ እገዳ በሌላው ኬላ ለቆመው ፖሊስ ካልደረሰው፥ ነጂው ኪሱ ውስጥ በቀረው ሌላ ወረቀት፥ ወይም በአሮጌ የክስ ወረቀት፥ ወይም በምላሱ ያልፋል። በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 600፥ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1074 ስለ ፈቃድ አሰጣጥ በዝርዝር ደነገጉ፤ ነገር ግን ምን ያህል ቢዘረዘር መዝገብ ከመዝገብ ጋር ካልተነጋገረ እገዳው የሚጸናው በታገደበት ከተማ ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ የሚከፋ መንገድ አለ፤ እርሱም ረዳት ነው። ይህን ከመጽሐፍ ያገኘነው አይደለም።

በዳንግላ ያነጋገርናቸው አንድ አዛውንት ሾፌር በደርግ ዘመን የጭነት መኪና ይነዱ ነበር። ስለ መንገዱ ታሪክ ስንጠይቃቸው ብዙ አጫወቱን፤ ስለ እገዳ ስናነሣ ዝም አሉ። በማግሥቱ ራሳቸው አስጠሩን። «ልጆቼ፥ ትናንት የጠየቃችሁኝን ዛሬ እነግራችኋለሁ፤ ስሜን ግን አትጻፉ» አሉን። ስማቸውን አንጽፍም።

በፍጥነት ምክንያት ፈቃዳቸው ለሦስት ወር ታግዶ ነበር። ለባለ መኪናው ቢናገሩ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስለዚህ መሪውን ለረዳታቸው ሰጥተው እርሳቸው ከጎኑ ተቀመጡ። ረዳቱ ዕድሜው ሃያ ያልሞላ፥ ማታ ማታ በባዶ ሜዳ ላይ መንዳት የተለማመደ፥ ፈቃድ ኖሮት የማያውቅ ልጅ ነበረ። እርሳቸው በዓይናቸው እየነዱ፥ «ማርሽ ቀይር፥ ፍሬን ንካ» ይሉት ነበር። በዚህ ሁኔታ አምስት ሳምንት ሠሩ። በአንድ የገበያ ቀን ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ሲመለሱ፥ ከብት የሚነዳ ሰው ከመንገዱ ዳር ወደ መኻል ገባ። አዛውንቱ «ፍሬን!» ብለው ጮኹ፤ ልጁ ደንግጦ ነዳጁን ረገጠ።

«እኔ ብነዳ ኖሮ ያ ሰው አይሞትም ነበር» አሉን። ይህን ሲሉ የመናኸሪያው ሰው አነጋገር ትዝ አለን፤ በእርግጥም እጃቸው አልታገደም ነበር። እኛም እገዳውን አክብረው ሥራውን ለቀው ቢሆን ኖሮስ ብለን ጠየቅናቸው። «ያን ጊዜም አይሞትም ነበር» አሉ።

ክሱ የቀረበው መሪ በያዘው ላይ ነው። ልጁ በዳኛው ፊት ሲጠየቅ፥ ጋሼ ያዘዙኝን አደረግሁ አላለም፤ መሪውን የያዝኩት በራሴ ፈቃድ ነው አለ። ሁለት ዓመት ተፈረደበት። አዛውንቱ ምስክር ሆነው ቀርበው ተመለሱ፤ ስለ ፈቃዳቸው የጠየቃቸው አልነበረም። ለሟቹ ቤተ ሰብ ሽማግሌ ገብቶ ደሙ ደረቀ፤ ከካሣው እኩሌታውን እርሳቸው፥ እኩሌታውን የልጁ አባት አንድ በሬ ሸጠው ከፈሉ።

እገዳው ያለቀው ልጁ በታሠረ በሁለተኛው ወር ነው። ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደው ፈርመው ፈቃዳቸውን ተቀበሉ፤ በዚያው ሳምንት ሥራቸውን ቀጠሉ። ለልጁ ስንቅ ይዘውለት ወደ ወህኒ ቤቱ ሲሄዱ መኪናውን የነዱት ራሳቸው ነበሩ።